በአራተኛ ፎቅ የተጠነሰሰ

ቀን፦ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ለሚ ኩራ
አየር፦ ጠዋት ደመና፣ ከቀትር በኋላ ፀሐይ። ነፋሱ ከሚሠሩት ሕንፃዎች አቧራ ይዞ ይመጣል።
የተገኙ፦ እኔ ፈለቀች፤ ጎረቤቴ ወይዘሮ ሎሚ፣ በር ላይ ቆመው።

ለእህቴ ለእንቁ፣

የአያቶቻችን አምላክ ባለሽበት አገር ደጅሽን ይጠብቅልሽ። ባለቤትሽን መሐሪንም ከነአውቶቡሱ በሰላም ያውለው። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃው ላይ ያማርረኛል።

በአጻጻፌ እንዳትስቂ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፤ መጻፍ የለመድኩት ደግሞ የድሮ ሰፈራችንን የእድር ቃለ ጉባኤ ስገለብጥ ነው። ስለዚህ ቀኑን፣ አየሩንና የተገኘውን ሰው ካልጻፍኩ እጄ አይፈታልኝም። ስልክ ላይ ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ «ሃሎ» ካልኩ በኋላ ቃል ያልቅብኛል። የአንድ ቅድመ አያት ልጆች መሆናችንን እንኳ የነገሩን ለቅሶ ቤት ነው፤ ያን ቀንም እኔ ዝም እንዳልኩ ነበር።

ያለፈው የግንቦት ልደታ እኛ ዘንድ ሆነሽ፣ ብሎኩ ሥር ከጎረቤት ጋር ንፍሮ ስንዘግን፣ ተነሥተሽ የተሳልሽውን ሰምቻለሁ። «ልጅ ከሰጠችኝ ለመጪው ልደታ አንድ ጋን ጠላ፣ በእጄ ጠምቄ» አልሽ። ሁላችንም «ይድረስልሽ» አልን። በኋላ ሳስበው ደነገጥኩ። አንቺ ጠላ ጠምቀሽ አታውቂም፤ እኔም እዚህ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ሞክሬ አላውቅም። ቤቴ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ምድጃዬን እነካለሁ። ሌላ በር ያለው ቦታ መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ነው።

ልጅ የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ ስለትም የሚከፈለው ከተሰጠ በኋላ ነው። ቦታና ዕቃ መፈተን ግን ኃጢአት የለውምና ወይዘሮ ሎሚን አማከርኳቸው። እርሳቸው የዚህ አገር ገበሬ ናቸው፤ ብሎካችን የቆመበት መሬት የእነርሱ የገብስ ማሳ ነበር። «አንቺ የምትተኚበት ጋ ገብሱ እንዴት ያምር ነበር መሰለሽ» ይሉኛል። የእናታቸው ጋን አለ። «በዚህ ደረጃ ግን ጋኑም አይወጣ፣ እኔም ሁለተኛ አልወጣ» አሉኝ።

እኔም ከሾላ ገበያ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ገዛሁ።

በማግሥቱ ጠዋት፦ ደብዳቤውን ሳላሽግ የሆነውን ልጨምር። ጠላ ከመጠመቁ በፊት ጋኑ በወይራ ጭስ ይታጠናል አይደል? እኔም በርሜሉን አጥቤ፣ ፍም ላይ ወይራ አድርጌ፣ ደፋሁበት። አፉ እንደ ሰም ቀለጠ። ጭሱ ኮሪደሩን ሞላው። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ተስፋልደት ባልዲ ውሃ ይዘው መጡ።

«ወይዘሮ ፈለቀች፥ ቤት ተቃጠለ እንዴ?»

«የለም፤ በርሜል እያጠንኩ ነው።»

«በርሜል ምን ሆኖ ይታጠናል? ሊሞሸር ነው?»

ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሴቶች ደረጃው ላይ ሆነው ሳቁ። እኔም በሬን ዘጋሁ። ከዚያ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ያንቺው ፈለቀች

በርገን፣ ኅዳር 21 ቀን 2017

ይድረስ ለእትዬ ፈለቀች፣

የዛሬዋ ጽዮን ማርያም ቤትዎን ትባርክ፤ ጉልበትዎን ታበርታ። መሐሪም እኔም በጤና አለን። እንደ እርስዎ ልጀምር ብዬ፦ አየር፣ ዝናብ። ትናንትም ዝናብ። እዚህ አገር ሌላ የሚጻፍ አየር የለም። የተገኙ፣ እኔና መሐሪ፤ እርሱ አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጥሎታል፣ ስለዚህ በግማሽ ተገኝቷል።

የበርሜሉን ሙሽርነት ሳነብ ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

እትዬ፥ «በእጄ» ያልኩት ቃል እንቅልፍ ነስቶኛል። ያን ቀን አፌ ነው የተናገረው፤ እንዴት እንደምፈጽመው አላሰብኩም። አሁን አውሮፕላን መሳፈር አልችልም፤ ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። እጄ የገባበት አንድ ነገር በጠላው ውስጥ እንዲኖር ምን ልሥራ? ለጌሾ መግዣ የሚሆን በሰው ልኬያለሁ።

አንድ ነገር ልንገርዎትና ለማንም አያውሩ። እኔም እዚህ ጠንስሻለሁ። ገና ጥቂት ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጠንስሼ ሁለቱም ሳይደርሱ ተበላሽተውብኛል። አሁን ስነሣም ስቀመጥም እፈራለሁ። እርስዎ ሙያውን ያውቁታል፤ ምን ላድርግ?

ታናሽዎ እንቁ

ቀን፦ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
አየር፦ ብርድ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ።
የተገኙ፦ እኔ፤ ወይዘሮ ሎሚ። አልወጣም ያሉትን ደረጃ ወጥተዋል።

ለእንቁዬ፣

ብርዱ እንዳይነካሽ፣ ክፉ ዓይን እንዳያይሽ እመኛለሁ። የላክሽው ደርሷል፤ ከእንግዲህ አትላኪ፣ ጌሾ ያን ያህል አያስወጣም።

ጠነሰስኩ ስትዪ ገረመኝ። ጌሾ ከየት አገኘሽ? በምንስ ውስጥ አደረግሽው? ብቻ ፍርሃትሽ ገብቶኛል። የተጠነሰሰ ነገር ጠላቱ ችኮላ ነው። ሙቅ ቦታ ይሁን። በየሰዓቱ እየከፈትሽ አትዪው። አትነቅንቂው። «እስቲ ልየው» የሚል ቢመጣ አታሳዪ። ሲያጉረመርም አትደንግጪ፤ ሕይወት ስላለው ነው።

ደብዳቤሽን የማነበው ቃል በቃል እየለቀምኩ፣ ድምፄን አውጥቼ ስለሆነ፣ ወይዘሮ ሎሚ ሰምተውታል። ይቅር በዪኝ። ሰምተው እንደገና አስነበቡኝ። ከዚያ፣

«ጻፊላት» አሉኝ። «ከባድ ነገር አታንሺ በያት። ስትተኛ በግራ ጎኗ ትተኛ።»

«ለጠላ ይህ ምን ያደርጋል?»

«አንቺ ጻፊ ብቻ።»

እኔም ጽፌልሻለሁ።

ስለ እጅሽ ያልሽውን አስበንበታል። የጠላ ጣዕሙ ብቅሉ ነው፤ ብቅል ደግሞ እጅ ይፈልጋል። ገብስ ፈልጊ፣ ያልተፈተገ። ንከሪው፤ ውሃውን አጥሪና እርጥብ ጨርቅ መሃል አልብሰሽ ሙቅ ቦታ አስተኚው። ሲበቅል አድርቂው። ያን ከላክሽልኝ ጠላው ያንቺ ነው፤ እኔ ውሃ ቀጂ ነኝ። ቀልጦ የቀረውን በርሜል ትቼ አራት እንስራ ገዝቻለሁ። እነርሱን መታጠቢያ ቤት አሰልፌ እጠምቅና ለልደታ ወርደው በወይዘሮ ሎሚ ጋን ውስጥ አንድ ይሆናሉ። እንስራዎቹን የማጥነውም በእርሳቸው ግቢ ነው። አቶ ተስፋልደት ጭስ በፎቅ ላይ ክልክል ነው ብለው ወረቀት ለጥፈዋል፤ ስሜን አልጻፉም፣ ግን በሬ ፊት ለፊት ነው የለጠፉት።

በማግሥቱ ጠዋት፦ ውሃ የምትመጣበት ተራ ነበር። ጀሪካኖቼን ሞላሁ። ከዚያ ደብዳቤውን ይዤ ወጣሁ።

ፈለቀች

በርገን፣ ጥር 25 ቀን 2017

እትዬ ፈለቀች፣

የጥምቀቱ በረከት ከእርስዎ ጋር ይሁን፤ ለወይዘሮ ሎሚም ዕድሜ ይጨምርልኝ። ያሉኝን ሁሉ እፈጽማለሁ። ከባድ አላነሣም፤ በግራ ጎኔ እተኛለሁ። ሐኪሟም ያንኑ ነው ያለችኝ።

ገብሱን ያገኘሁት የፈረስ መኖ ከሚሸጥበት ነው። ሻጩ «ፈረስሽ ስንት ዓመቷ ነው?» አለኝ። መሐሪ «አርባ አንድ» አለልኝ፤ ዕድሜዬን።

የእኛም ቤት ጠባብ ነው፤ ግን የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ከሥሩ ይሞቃል። ገብሱን እዚያ አስተኛሁት። መሐሪ ሽንት ቤት ሲገባ በአንድ እግሩ እየዘለለ ነው፤ «በገዛ ቤቴ ሰኞ ማክሰኞ ተጫዋች ሆንኩ» እያለ። ከዚያ አንድ ቀን ጨርቁን ገለጥ ባደርገው እያንዳንዷ ፍሬ ነጭ ጢም አውጥታለች። ሁሉም። አንድም የቀረ የለም። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ እንደ ዱባ ቅጠል፣ እንደ ዝናብ የሚሸት ነገር አለው። የፈረስ መኖ ነበር፤ ከረጢት ውስጥ ስንት ጊዜ የሞተ መስሎ የቆየ። ውሃና ሙቀት ብቻ ነው የሰጠሁት። ወለሉ ላይ ተቀምጬ መሐሪ እስኪመጣ አልተነሣሁም።

የእኔዋም እስካሁን አለች። ማጉረምረምም ጀምራለች። አልደነገጥኩም።

እንቁ

ቀን፦ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
አየር፦ ሙቀት፣ ነፋስ የለም።
የተገኙ፦ እኔ ብቻ።

እንቁዬ፣

ምን ብዬ ልመርቅሽ? ያለውን ምርቃት ሁሉ አንድ ላይ ውሰጂው።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ወሎ ሰፈር፣ ሥራ ቦታ ነው፤ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ። «ሐኪሟም ያንኑ ነው ያለችኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ለጠላ ሐኪም ምን አገባው ብዬ ቆምኩ። እንደገና አነበብኩት። ከዚያ የአንሶላ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። ማድረቂያው ማሽን ይዞራል፣ ሰው ይጠራኛል፣ እኔ ተቀምጫለሁ።

ማታ ወይዘሮ ሎሚ ግቢ ሄድኩ።

«ያውቁ ነበር?»

«ያላወቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ። በበረዶ አገር ጌሾ ይበቅላል?»

እንቁዬ፥ ስሙን አልጠራውም። አንቺም አትጥሪው። ዓይን የሚያርፈው በተጠራ ነገር ላይ ነው። እንደ ጀመርነው ስለ ጠላ ብቻ እንጻጻፍ፤ እኔ ግን ከእንግዲህ እያወቅሁ እጽፍልሻለሁ።

አንድ የገረመኝን ልንገርሽ። እንስራዎቹን ልፈትን ብዬ በአንዱ ጥቂት ጠንስሼ ነበር። ለሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ፊቴን ልታጠብ ገብቼ ድምፅ ሰማሁ። ቧንቧው ነው ብዬ አጠበቅሁት። አይደለም። ጆሮዬን እንስራው ላይ ለጠፍኩ። ሩቅ ቆርቆሮ ላይ ካፊያ ሲጥል እንደሚሰማው ነው። እጄን አስደገፍኩበት፤ ይሞቃል። እሳት የለበትም፣ ማንም አልነካውም፣ ግን ይሞቃል። ስንት ዓመት ጠላ ስጠጣና ስጠምቅ ኖሬ ይህን ሰምቼ አላውቅም። በድሮው ቤታችን ጋኑ ጓዳ ነበር፣ እኛ ሳሎን፤ በመካከላችን ግድግዳ ነበረ። እዚህ ቤቱ ጠቦ ስለሆነ ከጠላው ጋር አብሬ እኖራለሁ። ገላዬን ምድጃው አጠገብ በሳፋ ነው የምታጠበው፤ መታጠቢያ ቤቱን ለእርሱ ለቅቄለታለሁ።

ጆሮዬን ለጥፌ ሳለሁ አንቺን አሰብኩሽ። አንቺ ሁልጊዜ የምትሰሚው ይህን ነው ማለት ነው። ደግሞ ከውስጥ።

ብቅሉ ሲደርቅ ለታመነ ሰው ስጪው። ጻፊልኝ።

ፈለቀች

ቀን፦ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
አየር፦ ሌሊት ዘንቧል፤ ጠዋት አቧራው ተኝቷል።
የተገኙ፦ እኔ፤ ወይዘሮ ሎሚ፤ ላፍታም አቶ ተስፋልደት።

እንቁዬ፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። ጾሙን በሙሉ ካንቺ ደብዳቤ አልመጣም። የፖስታ ሳጥኑን የሚከፍተው የሆቴሉ ልጅ ገና ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። ብቅሉ ግን በመጋቢት መጥቷል። ያመጣችው ሴት ቸኩላ ነበር፤ ደጅ ላይ አስረክባኝ ሄደች። ከረጢቱን ገለበጥኩ፣ ወረቀት የለም። ገብስ ብቻ።

ልደታ ቀረበ። ልጠንስስ ወይስ ልተው? ጉዳዩ መልካም ካልሆነ፣ የስለት ጠላ መጥመቅ በቁስልሽ መቀለድ ነው። መልካም ከሆነ ደግሞ መቅረቱ ቃል ማጠፍ ነው። አቶ ተስፋልደት ስለ ሽታው ሊወቅሱኝ መጥተው ከወይዘሮ ሎሚ ጋር ስንከራከር ደረሱ። ነገሩን አልነገርናቸውም፤ ግን ወቀሳቸውን ረስተው ቆሙ። ወይዘሮ ሎሚ ብቅሉን ዘግነው አሸተቱት፣ አንዷን ፍሬ ነከሱ።

«ይህ በሚገባ የደረቀ ነው» አሉ። «ሐዘን የገባበት ቤት ብቅል አያደርቅም። ይሻግታል።»

በፋሲካ ማግሥት ጠነሰስኩ። ያንቺ ብቅል እንደ እኛ አገር ብቅል አይደለም፤ ፍሬው ወፍራም ነው፣ ቀለሙም ቀላ ይላል። ውሃው ውስጥ ሲገባ አመነታ። ዛሬ ጠዋት ግን አራቱም እንስራ በአንድነት ይናገራሉ። የገብስ ልጅ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ በሾላ ጌሾ እየፈላ ነው፣ ድሮ ገብስ ይበቅልበት በነበረ መሬት ላይ፣ በአየር ላይ በተሰቀለ ቤት ውስጥ። ይህን ማን ያስብ ነበር።

አንዲት ቃል ላኪልኝ።

በማግሥቱ ጠዋት፦ ብርድ ልብሴን ከአልጋዬ አንሥቼ እንስራዎቹን አለበስኩ።

ፈለቀች

(መሐሪ ፎቶ አንሥቶ በስልክ የላከው)

ሚያዝያ 18

እትዬ፥ ሰላምታ ዛሬ አልችልም።

ሚያዝያ 14 መጣች። ጊዜዋ ገና ነበር። ከክንዴ ታንሳለች። የመስታወት ሳጥን ውስጥ ናት፤ ሳጥኑ ይሞቃል። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አለ፣ ለመተንፈስ መሣሪያው ይረዳታል። በጎን ባለው ቀዳዳ እጄን አስገባለሁ፤ ጣቴን ትይዛለች። ጾሙን ሙሉ ያልጻፍኩት ሆስፒታል አስተኝተውኝ ስለነበር ነው። ስም ብጠራ፣ ብጽፍ የምትሄድ መሰለኝ።

ሐኪሞቹ «እንጠብቅ» ይላሉ። ሌላ አይሉም።

ጠላውን ድፊው። ለምኜሻለሁ። ላልተሰጠኝ ነገር ሰው እንዲጠጣልኝ አልፈልግም። ስለት ሳይሰምር አይከፈልም ያልሽው አንቺ ነሽ። ድፊው።

ቀን፦ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
አየር፦ አላየሁም።
የተገኙ፦ እኔ፤ አቶ ተስፋልደት። ይህን ደብዳቤ በስልካቸው ፎቶ አንሥተው የሚልኩልሽ እርሳቸው ስለሆኑ አንብበውታል፤ ይቅር በያቸው።

እህቴ፣

«አንቺ» አልሽኝ። ከዛሬ ወዲያ እንደዚያው ጥሪኝ።

እንዳልሽኝ ልደፋው ገባሁ። የመጀመሪያውን እንስራ አቀፍኩት። ይሞቃል፤ ይንቀጠቀጣል፣ በጣም በትንሹ፣ በደረት ካላቀፉት አይታወቅም። ወደ ማፍሰሻው ሳዘነብለው አረፋው ወደ አፉ መጣ። መልሼ አቆምኩት። እጄ እንቢ አለ።

እንቁ፥ የተጠነሰሰ አይቆምም። እሳት ቢሆን ይጠፋል፣ በር ቢሆን ይዘጋል፤ ይህን ግን እኔ አይደለሁም የማፈላው። የእኔ ድርሻ መሸፈንና መጠበቅ ብቻ ነበር። ልደፋው እችላለሁ፤ ማቆም ግን አልችልም። ልዩነቱ ዛሬ ገባኝ።

ልደታ ዕለት አወጣዋለሁ። የምስጋና አይደለም፤ የልመና ይሆናል። ስለት ሳይሰምር ተከፈለ ብሎ የሚጠይቅ ካለ እኔ ልጠየቅበት። በዚህ ከተቀየምሽኝ ተቀየሚኝ፤ እቀበላለሁ።

አንቺ እጅሽን በቀዳዳው አስገቢ። አትነቅንቂያት። ያዣት ብቻ።

በማግሥቱ ጠዋት፦ በሬ ፊት ለፊት የተለጠፈው ወረቀት ተነሥቷል። ማን እንዳነሣው አልጠየቅሁም።

ፈለቀች

ቀን፦ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ልደታ
አየር፦ ደመናው ከጠዋት ጀምሮ ዛተ፤ አልዘነበም።
የተገኙ፦ የብሎኩ ሰው በሙሉ፤ ከማዶ የወይዘሮ ሎሚ ቤተሰብ።

እህቴ እንቁ፣

ያቺ በስሟ የተሳልሽላት እናት አጠገብሽ ትቁም። ከአንቺ ወሬ አልመጣም፤ እኔም አልደወልኩም።

እንስራዎቹን ያወረዱት ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሴቶች ናቸው፤ በርሜሉን በወይራ ሳጥነው የሳቁብኝ። «ቀስ፣ ቀስ፣ ሙሽራዋ እንዳትወድቅ» እየተባባሉ አወረዷቸው። የወይዘሮ ሎሚ ልጆች ጋኑን በጋሪ አመጡት፤ ሣሩ ላይ አልቆም ብሎ ሲንገዳገድ በጠጠር ደገፉት። «ጋንን ጠጠር ይደግፈዋል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር» አለች አንዷ።

አራቱን አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ቀለሙ ቀይ ነው፤ ብርሃን ሲያገኘው እንደ ማር። አረፋው ጋኑ አፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ልጆች ተጠግተው ያዩ ነበር።

አቶ ተስፋልደት ጠጋ አሉኝ።

«ደረሰ?» አሉኝ በቀስታ።

ጠላው ይሁን ስለቱ፣ የትኛውን እንደጠየቁኝ አላወቅሁም።

«ደርሷል» አልኩ።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለሁሉም ሰው ተቀዳ፤ ማንም ግን ቀድሞ አልጠጣም። ማንም ስምሽን አልጠራም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ቀድሞ የተዘገነው ንፍሮ እንኳ በእጅ ላይ ቆየ። ከዚያ ወይዘሮ ሎሚ፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ ከመሬቱ ጋር የሚነጋገሩ ይመስል ዝቅ ብለው አንድ ነገር አሉ፤ ሁሉም «አሜን» አለ፣ የገባውም ያልገባውም። ከዚያ ጠጣን።

ስለ ጣዕሙ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር። አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ጠምቄ አላውቅም። እኔ የጠመቅሁት አይመስለኝም።

በማግሥቱ ጠዋት፦ ቡና ሳልጠጣ፣ እንስራዎቹን ላጥብ ስል ስልኩ ጮኸ። አንቺ ነሽ። «ቱቦውን አወጡላት፤ ራሷ ትተነፍሳለች» አልሽኝ። ከዚያ ስልኩን ወደ እርሷ አቀረብሽው። ሰማሁ። እኔ ግን ምንም አላልኩሽም፤ እስክትዘጊው ድረስ ዝም አልኩ። ቅር ብሎሽ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን እንዳለ ልመዝግብልሽ።

እጄን በቀሚሴ አደረቅሁ። ጫማ ሳላደርግ ወጥቼ የአቶ ተስፋልደትን በር አንኳኳሁ። የጥርስ ብሩሽ በአፋቸው ይዘው ከፈቱልኝ።

«ደርሷል» አልኳቸው።

«ትናንት ነገሩኝኮ። ጠላው።»

«ልጅቷ። የእንቁ ልጅ። ራሷ ትተነፍሳለች።»

ብሩሹን አወጡ፣ ግን ምንም ሊሉ አልቻሉም፤ አፋቸው አረፋ ሞልቶ ነበር። ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወረድኩ፤ አራቱንም በር አንኳኳሁ። ሁለተኛውን ፎቅ እንደዚያው፤ የማላውቃቸውን ሰዎች በር ሳይቀር። ለእያንዳንዱ የነገርኩት አንድ ነገር ነው፤ ልጅ አለች፣ ትተነፍሳለች። ለዚህ ሁሉ ሰው በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። ምድር ቤት ስደርስ ድምፄ ጎርንኖ ነበር። ወይዘሮ ሎሚ ማዶ ግቢያቸው ውስጥ ለላማቸው አተላ እያቀረቡ ነበር። ነገርኳቸው። «ገለታ ዋቃ» ብለው አምላክን አመሰገኑና ላሚቱን ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት።

ተመልሼ ጫማዬን አደረግሁ። በሬን ቆለፍኩ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቀኝ ለእርሱም ነገርኩት። ትንሽ አየኝ። «እንኳን ማርያም ማረቻት» አለኝና መልሴን ሰጠኝ። ወሎ ሰፈር ስንደርስ ወረድኩ።